ልቤ ያነክስ የነበረ ጊዜ

«አንች ባለንቅሳቷ፣ ቆይ እስቲ። የምትጨፍሪ እኮ ከእኔ ከበሮ ጋር አይደለም።»

አምሐ ለመጀመሪያ ጊዜ ያናገረኝ እንዲህ ብሎ ነው። ያውም በሃያ ሰው ፊት። አርባ ዓመት አልፎታል፣ ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

ጊዜው 1976 ዓ.ም. ሰኔ ነው፤ ባሕር ዳር። ወለላ እባላለሁ፤ ያኔ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበርሁ። አንድ የዘይት ፋብሪካ ተቀጥሬ ዘይት በየቆርቆሮው እቀዳለሁ። አገር ምድሩ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሽር ጉድ ይላልና የእኛም ፋብሪካ የኪነት ቡድን አቋቁሞ ከሥራ በኋላ መጋዘን ውስጥ ያስጨፍረን ነበር። እስክስታ ላይ ደግሞ እኔን የሚያህል የለም። በተወለድሁበት በደልጊ እኔ ትከሻዬን ያልነቀነቅሁበት ሠርግ እንደ ሠርግ አይቆጠርም። ታዲያ ትናንት የመጣ ከበሮ መቺ ተነሥቶ ምት አታውቂም ሲለኝ ምን ልበለው?

«ጆሮህን ታጠብ» አልሁት።

መጋዘኑ በሳቅ ሞላ። እሱ ግን አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። አንገቱን ዘንበል አድርጎ የማያውቀውን ዜማ እንደሚሰማ ተማሪ አየኝ።

አምሐ የመሪጌታ አገኘሁ ልጅ ነው። አባቱ ከሐይቁ ዳር አድባራት በአንዱ አቋቋም ያስተምራሉ፤ ማሕሌቱን ከነመቋሚያው፣ ከነጸናጽሉ፣ ከነከበሮው። እሱም ከእግራቸው ሥር ተቀምጦ አሥር ዓመት ተምሯል። በኋላ ዘመኑ የቆሎ ተማሪን ፊት ሲነሣ ደሞዝ ፍለጋ ፋብሪካ ገባ፤ ፋብሪካው ደግሞ እጁን አይቶ ከበሮ ሰጠው። መሪጌታ ይህን ሲሰሙ «ለማርያም የመታ እጅ ለካድሬ ሲመታ አላይም» ብለው አኮረፉት። ካነጋገሩት ሁለት ወር ሊሞላው ነበር።

እኔ ግን ስለ አባቱ ምን ገዶኝ! የገዛ ሰውነቴ አስቸግሮኛል። አምሐ ወደ መጋዘኑ ሲገባ ልቤ ይጋልባል። እጄ ይንቀጠቀጣል። ሰው ሹራብ ደርቦ እኔን ያልበኛል። ለሦስት ሰው የሚበቃ እበላለሁ፣ ቀሚሴ ግን በየሳምንቱ ይሰፋኛል።

«አንች፣ ይዞሻል» አለችኝ አብራኝ የምትቀዳው እናትዓለም።

«ምን ነው የያዘኝ?»

«ፍቅር ነዋ። እስቲ ዓይንሽን በመስተዋት እይው፤ ፍጥጥ ብሏል።»

እኔም አመንሁ። እሱ ከመምጣቱ ሁለት ወር ቀድሞ እንደ ጀመረኝ እያወቅሁ አመንሁ። ሰው የወደደውን ሲያምን ቀን አይቆጥርም። ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። በሰው ፊት ያዋረደኝን ልጅ ልቤ ሳያማክረኝ መርጦታል፤ እንግዲህ ምን አደርጋለሁ?

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር፣ ከሾላው ሥር ተገናኘን። ታንኳዎች እንጨት ያራግፋሉ። ብዙም አላወራንም። እሱ ዝምተኛ ነው፤ እኔ ደግሞ የሚጋልበውን ልቤን አዳምጣለሁ።

«ወለላ... እጅሽን ልያዘው?» አለኝ።

ሰጠሁት። ጣቶቹ አንጓዬ ላይ፣ የደም ሥሬ ላይ አረፉ። አሁን አንድ ነገር ሊመጣ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ። ጠበቅሁ። ጠበቅሁ... ምንም የለም። ዓይኔን ብገልጥ፣ ልጁ ግንባሩን ቋጥሮ በሌላ እጁ ጉልበቱን ይመታል። ይቆጥራል!

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ዝም በይ፣ አታሳስችኝ።»

ትንሽ ቆይቶ እጄን ቀስ አድርጎ መለሰልኝ። ፊቱ ተለውጧል።

«ወለላ፣ ልብሽ ያነክሳል።»

«ምን አልህ?»

«ያኔም ስትጨፍሪ ታውቆኝ ነበር፤ አንችን የሚያስጨፍርሽ ሌላ ምት ነው። ስሚኝ። ዝማሜ አለ፣ በመቋሚያ ነው፣ ረጋ ይላል። መረግድ አለ፣ ከበሮ ይገባበታል። ጽፋት አለ፣ እሱ ይሮጣል፣ ጭብጨባ ያስነሣል። ግን ሲሮጥም ልክ አለው፤ ቀጥሎ የሚመጣውን እጄ ያውቀዋል። ያንች ልክ የለውም። ሁለት ይመታል፣ ይቆማል፣ አምስት ይደርባል፣ አንዱን ይውጠዋል።»

«አንተ ነህ እኮ እንዲህ የምታደርገው!»

አመለጠኝ። ካመለጠ ወዲያ ደግሞ ማፈግፈግ አልወድም። «የወደደ ሰው ልብ እንዲህ አይሆንም እንዴ?» አልሁት።

«አይሆንም» አለ። «የእኔን ቆጥሬዋለሁ።»

ምን እንዳለ ብሰማው ኖሮ ይህ ታሪክ እዚያው ባለቀ ነበር። አልሰማሁትም። የሰማሁት «አይሆንም» የሚለውን ብቻ ነው። በጥፊ አልሁትና ተነሥቼ ሄድሁ። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ቤቴ እስክደርስ ግን ሦስት ጊዜ አረፍሁ።

ሐምሌ ሲገባ ባሰብኝ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ማንቆርቆሪያውን እንደያዝሁ እጄ ከዳኝ። ሁለት ሙሉ ቆርቆሮ ዘይት ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ያን ጊዜ ዘይት በቀበሌ ሱቅ በሰልፍ ነው የሚገኘው። በማግስቱ የፋብሪካው ካድሬ ጓድ ክንዱ ሠራተኛውን ሁሉ መጋዘን ሰበሰበና ለሂስና ለግለ ሂስ ከፊት አቆመኝ።

«የሰፊው ሕዝብ ዘይት ፈሷል» አለ። «ይህ አሻጥር ነው። ጓዶች፣ እጇን እዩት። ዓይኗን እዩት። ንጹሕ ሰው አይንቀጠቀጥም። በይ፣ ማን እንዳዘዘሽ ተናገሪ።»

በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው ከዚያ ወዲያ የት እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን። ትናንት ፍቅር ነው ያሉኝ ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ። እናትዓለም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች።

«ዘይቱን ያፈሰስሁት እኔ ነኝ» አልሁ። «ያዘዘኝ ግን የለም፤ እጄ ነው እንቢ ያለኝ። የወር ደሞዜን ቁረጡ። ላላሰብሁት ነገር ግን ግለ ሂስ አላደርግም።»

«አላደርግም ነው ያልሽው?»

«አላደርግም።»

ድምፄም እንደ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ግን አልሁት።

ያኔ ከኋላ አምሐ ተነሣ። ከበሮውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ በሰዉ መሐል እየተጋፋ መጣ። ከጥፊው በኋላ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። አጠገቤ ቆመና ግራ እጁን ዘረጋ፤ እኔም ምን እንደሚያደርግ ገባኝና አንጓዬን ሰጠሁት። በቀኝ እጁ የልቤን ምት ከበሮው ላይ ይመታው ጀመር።

ዱም፣ ዱም። ዝም። ዱምዱምዱም። ዝም... ዱም።

እናንተ፣ የእኛ ሰው ከበሮ ሰምቶ መቼ ዝም ይላል? አንዳንዱ ሳያስበው ሊያጨበጭብ እጁን አነሣ። አልቻለም። ሌላው በእግሩ ሊከተል ሞከረ፣ ተደናቀፈበት። ሁለት መቶ ሰው እጁን አየር ላይ አንጠልጥሎ ቀረ። ጓድ ክንዱ ራሱ በእርሳሱ ጠረጴዛውን ሊመታ ጀምሮ አቆመ።

«ጓድ ክንዱ፣ ይህን ሆን ብሎ መምታት የሚችል ሰው ካለ ይምጣና ይሞክር» አለ አምሐ። «እኔ አሥር ዓመት ከበሮ ተምሬ አልችለውም። ይህች ልጅ አሻጥረኛ አይደለችም፤ ታማለች።»

«ኧረ ልጅቱ ልትሞት ነው!» አሉ ከኋላ ዘበኛው አባ ቢያዝን። ከዚያ ጉርምርምታው ተነሣ። ክንዱ ሰዓቱን አየ፣ እኔን አየ።

«የሦስት ቀን ፈቃድ» አለ በመጨረሻ። «የሐኪም ወረቀት ይዘሽ ካልመጣሽ ነገሩ ከእኔ እጅ ይወጣል።»

ሐኪም ቤት አምሐ አብሮኝ ሄደ። እናቴ ወለተ ኪዳንም መልእክት ደርሷት ከደልጊ በጀልባ መጣች። እሷ ጸበል ይቅደም አለች፤ ጸበሉንም ሐኪሙንም እንደማልተው ነግሬ አሳመንኋት። ዶክተሩ ከአዲስ አበባ የተመደበ ቀጭን ሰው ነው። ከልቤ አልጀመረም፤ የጀመረው ከአንገቴ ነው።

አንገቴ ላይ አምስት መስመር ንቅሳት አለኝ። ያየ ሁሉ ለቁንጅና ይመስለዋል። አሥር ዓመት ሲሞላኝ አንገቴ ትንሽ አበጥ ብሎ ነበር። በእኛ አገር እንደዚያ ሲሆን ነቃሽ ይጠራል፤ በእሾህና በጥላሸት አንገትን ዙሪያውን ይወቅራል። እብጠቱን አስሮ ያስቀረዋል ይባላል።

ዶክተሩ ከንቅሳቱ በታች በጣቱ እየዳሰሰ ምራቅሽን ዋጪ አለኝ። ዋጥሁ።

«ይህን ማን ነቀሰሽ?»

«ለእንቅርት ብዬ እኔ ነኝ ያስነቀስኋት» አለች እናቴ።

«እንቅርቱ አልሄደም፣ እናቴ። ከሥሩ ተደብቆ አድጓል።»

ከዚያ የልቤን ምት ወረቀት ላይ ከሚስለው መሣሪያ ጋር አሰሩኝ። ወረቀቱ ሲወጣ አምሐ ከዶክተሩ ትከሻ ላይ አሻግሮ አየና በጣቱ ጠረጴዛውን መታ። ዱም፣ ዱም። ዝም። ዶክተሩ ዘወር ብሎ ተመለከተው።

«የት ነው የተማርከው?»

«ከአባቴ ዘንድ» አለ አምሐ።

ዶክተሩ ነገሩን በቀላል ቋንቋ አስረዳን። አንገቴ ውስጥ ያለው ዕጢ ሥራው ሰውነትን ማንቀሳቀስ ነው፤ እንዲሞቅ፣ እንዲተጋ። የእኔው ከልኩ በላይ ይሠራል። «ልብሽን ያለ ዕረፍት ይገርፈዋል» አለኝ። «ልብ ደግሞ ሲገረፍ ሲገረፍ ምቱ ይጠፋበታል። እንዲህ ከቆየ ይደክማል። ውስጡ ደም ይረጋና ወደ ጭንቅላት ሊሄድም ይችላል። በጊዜ ነው የመጣሽው። ወራት ኪኒን ትወስጃለሽ፤ ልብሽ ሲረጋ ዕጢውን ቀዶ ማውጣት ነው።»

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሲሉ እሰማ ነበር። የእኔስ በእንቅርት ላይ ልብ፣ በልብ ላይ አሻጥር።

«እና መንቀጥቀጡ ይተወኛል?»

«ይተውሻል። ላቡም፣ ድንጋጤውም፣ የልብ ሩጫውም።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም» አለ ዶክተሩ ደስ ብሎት።

እኔ ደስ አላለኝም። ከሐኪም ቤቱ በር ስንወጣ እናቴን ቀድመሽ ሂጂ አልኋትና አምሐን አቆምሁት።

«አምሐ፣ ያፈቀርሁህ መስሎኝ ነበር።»

«እና?»

«ዕጢው ነው ተባለ።»

ሳቀ። እኔ ስላልሳቅሁ አቆመ።

«አትሳቅ። አንተ ስትመጣ ልቤ የሚደነግጠው አንተን ወዶ ይሁን ታሞ ይሁን አላውቅም። የማላውቀውን ነገር ደግሞ እወድሃለሁ ብዬ አልሰጥህም። መድኃኒቱን ልውሰድ፣ ልቤ ይርጋ። ያኔ ሳያልበኝ፣ ሳልንቀጠቀጥ አይሃለሁ። ከወደድሁህ እነግርሃለሁ። ካልወደድሁህም እነግርሃለሁ። እስከዚያ እንዳላይህ።»

«ስንት ወር ነው?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«እሽ» አለ። «እኔ ግን ነግሬሻለሁ። አንች ስትመጭ የእኔም ይሮጣል፤ ቆጥሬዋለሁ፤ ልክ አለው።»

ሐይቁ ዳር ያለኝ ያኔ ገባኝ። ልጁ እወድሻለሁ ብሎኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ በጥፊ መለስሁለት። ልጠራው አፌን ከፈትሁ... መልሼ ዘጋሁት። ቃል ቃል ነው።

ወረቀቱን ለጓድ ክንዱ ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ታዲያ ታምሜያለሁ አትይም ነበር?» አለኝ።

«በሽታዬን የጠየቀኝ የለም። የጠየቃችሁኝ ያዘዘኝን ሰው ነው።»

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ቆርቆሮ ላይ ምልክት ወደሚለጠፍበት ክፍል አዛወረኝ፤ ከአምሐም ጋር ፈረቃችን ተለያየ። አሻጥር የሚለውን ቃል ከዚያ ወዲያ አልሰማሁትም። በአብዮት በዓል ዕለት ሰው ሁሉ አደባባይ ወጣ፤ እኔ ደጃፌ ተቀምጬ የአምሐን ከበሮ ከሩቅ ሰማሁ። አንጓዬን ይዤ ከእሱ ጋር ለማስተካከል ሞከርሁ። ገና ነበር።

ኅዳር ላይ ደግሞ ወሬ ደረሰኝ። መሪጌታ አገኘሁ ነገሩን ሰምተው «ልቧ የታመመ ሴት ወልዳ አትነሣም፤ እኔ ሽማግሌ አልልክም» ብለዋል አሉ። እናቴ አለቀሰች። እኔ ተናደድሁ። ማን ላኩ አላቸው? ልጃቸውን እወደው እንደሆነ እኔም ገና አላወቅሁ!

በጥር ቀዶ ሕክምናው ደረሰ። ከመግባቴ በፊት ዶክተሩ አንገቴን እያየ «ንቅሳቱ መበላሸቱ ነው» አለኝ።

«በሦስተኛው መስመር ላይ ይቁረጡት» አልሁት።

«ምን?»

«መስመር ተሰምሮልዎታል እኮ። በዚያው ይሂዱ።»

እየሳቀ ገባ። እንዳልሁትም አደረገ። ዛሬ ጠባሳዬን የማያውቅ ሰው አያየውም።

መጋቢት አጋማሽ ላይ ዶክተሩ አዳመጠኝና «በቃ፣ እንደ ሰው ሆነሻል» አለኝ። የዚያኑ እሑድ ከሾላው ሥር ና ብዬ ወደ አምሐ ላክሁበት።

ቀድሜ ደርሼ ተቀመጥሁ። በሐይቁ ዳርቻ በኩል ሲመጣ አየሁት። እጄን አንጓዬ ላይ አደረግሁ። ልቤ ይመታል፤ እኩል፣ ቀስ ብሎ። አይጋልብም። አያልበኝም። ልጁ ቀረበ... አሁንም ምንም! ይኸው፣ ዕጢው ነበር አልሁ በልቤ።

አምሐ አሥር እርምጃ ያህል ሲቀረው ቆመ። ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው።

«ምነው ጭቃው? መንገዱ ደረቅ አይደል?» አልሁት።

«በረግረጉ ዞሬ ነው የምመጣ፣ ለምጄው» አለ። «በዋናው መንገድ ከሄድሁ በደጃፍሽ አልፋለሁ። እንዳላይህ ብለሽኝ አልነበር?»

«ስምንት ወር ሙሉ?»

«እና ስንት ልበል? ወሩን አልነገርሽኝም።»

ያን ጭቃ አየሁት። ስምንት ወር፣ ክረምቱን ጨምሮ፣ ፋብሪካ ሲሄድና ሲመለስ፣ እኔ የተናገርሁትን አንድ ቃል ለመጠበቅ በረግረግ የዞረ ሰው። ተነሥቼ ጫማውን ልጠርግለት አማረኝ። ይህ ሰው ከሌላ ሴት ጋር ሊኖር እንደሚችል ሳስብ ቀናሁ። ልቤ ግን አልሮጠም። የወደድሁት እኔው ነኝ፤ ሳልንቀጠቀጥ፣ በደህና ቀን፣ ዓይኔ እያየ።

«እና?» አለኝ። ድምፁ ተሰብሯል።

«ልቤ አልደነገጠም፣ አምሐ።»

ራሱን ነቀነቀ። «እሽ... እንኳን እግዜር ማረሽ። ዋናው ጤናሽ ነው» ብሎ ፊቱን አዞረ።

«ወዴት ነህ? አልጨረስሁም እኮ። አልደነገጠም፤ ግን እወድሃለሁ። ከዕጢው የተረፈው ይሄ ነው። በቂ ከሆነህ ውሰደው።»

አምሐ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም ሲያለቅስ አላየሁትም። ጭቃ የሆነ ጫማውን አውልቆ አጠገቤ ተቀመጠ። እጄን ያዘኝ። የዚያን ቀን አልቆጠረም።

ሲመሽ «አባቴ ሽማግሌ አልልክም ብሏል» አለኝ።

«እኔ እልካለሁ።»

«ሴት ትልካለች እንዴ?»

«እኔ እልካለሁ አልሁህ።»

በሳምንቱ እናቴን፣ አባ ቢያዝንንና አምሐን ይዤ መሪጌታ ደጃፍ ቆምሁ። መሪጌታ አገኘሁ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀብለውናል። ልጃቸውን አላዩትም።

«የሴት ወገን ሽማግሌ ሲልክ የት ታየ?» አሉ።

«አልታየም፣ አባቴ» አለች እናቴ። «አሁን ግን ይዩት።»

በደልጊ በዝምታዋ የምትታወቀው እናቴ ናት እንዲህ ያለችው! መሪጌታ ትንሽ ፈገግ ሊሉ ብለው ተዉት። ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ክፉ ሰው አይደለሁም። ልብሽ ድኗል ይላሉ። እስቲ እጅሽን ወዲህ አምጭ፣ እኔም ምት አውቃለሁ። ልኩን የጠበቀ እንደሆነ እሽ እላለሁ።»

ልኩን መጠበቁን አውቃለሁ። እጄን ብሰጣቸው ነገሩ ያልቅ ነበር። ሁለቱንም እጆቼን ከነጠላዬ ሥር ከተትሁ።

«አልሰጥም፣ አባቴ።»

«ምን?»

«ዛሬ ልኩን ይጠብቃል። ነገ ሊያነክስ ይችላል፤ ሐኪሙም ዋስትና አልሰጠኝም። እኔ ልጅዎን የማገባው ልቤ ስለተስተካከለ አይደለም፤ ስለወደድሁት ነው። በምቱ ከሆነ የሚቀበሉኝ፣ ይቅርብኝ። እሱ ግን አይቀርብኝም።»

አባ ቢያዝን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መሪጌታ መቋሚያቸውን አንሥተው መሬቱን አንድ ጊዜ መቱ፤ ትንሽ ቆይተው ሁለተኛ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አምሐ» አሉ። «ይችን ልጅ ብታስቀይማት ከበሮህን ራስህ ላይ ነው የምሰብረው።»

ዓመት ሊሞላ ሲል ለልጃቸው የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ይሄ ነው። አምሐ ወድቆ ጉልበታቸውን ሳመ።

ወልጄ ተነሥቻለሁ። ሁለት ጊዜ። መሪጌታ ሁለቱንም ልጆቼን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ዝማሜ አስተምረዋቸው ነው ያረፉት።

አምሐ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሻይ ስንጠጣ አንጓዬን ይይዝና በሌላ እጁ ጠረጴዛውን እየመታ ይሰማኛል። አርባ ዓመት ሙሉ እኩል ሲመታ ኖሯል። ያለፈው ጥቅምት አንድ ጠዋት ግን እጁ ድንገት ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ሐኪሙ በኋላ ዕድሜ ነው ብሎኛል፣ ሌላ ኪኒን ሰጥቶኛል። የዚያን ጠዋት ግን አምሐ ያን የሾላው ሥር ፊቱን ይዞ አየኝ።

«ወለላ... አነከሰ» አለኝ።

«ያነክስ» አልሁት። «አንተ ምታ።»

ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ መታ።